ሮማውያን ያለ ፓምፕ ውሃውን ከ50 ኪሎሜትር እንዴት አመጡት? (አባቴ ነው የጠየቀኝ)

የግንበኛው ልጅ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ለሁላችሁ። ስለ ታሪክም ስለ ውሃ ስራም የምታውቁ ካላችሁ እስቲ አግዙኝ። ትላንት ማታ ከአባቴ ጋር ቁጭ ብለን ደቡብ ፈረንሳይ ያለውን ፖን ዱ ጋር የሚባለውን የሮማውያን ድልድይ በቪዲዮ እያየን ነበር፣ ቅስት በቅስት ላይ ሶስት ደርብ ሆኖ ከወንዙ በላይ ወደ 49 ሜትር የሚቆመው፣ እና ያ ሁሉ ድንጋይ የተደረደረው አናቱ ላይ ላለች አንዲት ቦይ ነው፣ ውሃ ለማሻገር ብቻ! አባቴ ዕድሜ ልኩን ግንበኛ ነው። ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና "ድንጋዩስ ይሁን፣ ጉልበት ካለ ይወጣል፣ ውሃ ልኩን በምን ያዙት?" አለኝ። መልስ አጣሁ። እሱ አስር ሜትር አጥር ሲገነባ እንኳን በየረድፉ ክር ወጥሮ፣ ውሃ ልክ አስቀምጦ፣ ቱንቢ ጥሎ ነው፣ እነዚህ ሰዎች ደግሞ ውሃውን ያመጡት ከ50 ኪሎሜትር ነው አሉ።

ከዛ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ፓምፕ የለ፣ መብራት የለ፣ ውሃውን ምን ገፋው? ደግሞስ ሸለቆ ሲያጋጥማቸው ያን የሚያክል ድልድይ ከሚያቆሙ ቧንቧ ዘርግተው በዚህ አውርደው በዛ ማውጣት አይችሉም ነበር? የሚያውቅ ሰው ዘርዘር አድርጎ ቢጽፍልኝ ለአባቴ አነብለታለሁ፣ አይኑ ስለደከመ ስልክ ላይ ማንበብ አይችልም።

ቀያሹ

ወንድሜ መጀመሪያ ለአባትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፣ እውነተኛ ባለሙያ ናቸው፣ ሰው ሁሉ ቅስቱን ነው የሚያየው፣ እሳቸው ግን ዋናውን ነገር አዩት። እኔ ቀያሽ ነኝ፣ ብዙ ዓመት ምንጭ ማጎልበት ላይ ሰርቻለሁ፣ ማለትም ከተራራ ምንጭ ተነስቶ እስከ ቀበሌው ቦኖ በስበት ብቻ የሚወርድ ውሃ፣ ስለዚህ ይሄ ጉዳይ ሲነሳ ዝም ማለት አልችልም።

ምን ገፋው ላልከው ምንም አልገፋውም፣ ራሱ ወረደ። የሮማውያን የውሃ መስመር ማለት ሰው የሰራው ክዳን ያለው ቀጭን ወንዝ ማለት ነው። እንደኛ ቧንቧ ጢም ብሎ ሞልቶ አይሄድም፣ ቦዩ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ገብቶ ሊሄድበት የሚችል ከፍታ አለው፣ ውሃው ከታች ይፈሳል ከላይ አየር ነው። ጣጣው ሁሉ ያለው ቁልቁለቱ ላይ ነው። ከበዛ ውሃው ይፈጥንና ልስኑን ይበላዋል፣ ካነሰ ውሃው ይተኛና ደለል ይቀመጣል፣ የሆነ ቦታ ላይ ትንሽ ወደ ላይ ከተነሳብህ ደግሞ ውሃው እዛ ጋ ይጠራቀምና በጎን ሞልቶ ይወጣል፣ ከዛ በታች ያለው ስራ ሁሉ ከንቱ ነው።

አሁን ቁጥሩን ለአባትህ አንብብላቸው። ያ ድልድይ ያለበት መስመር ኒም ለምትባል ከተማ የተሰራ ነው፣ ምንጩ ኡዜስ አጠገብ ነው። በቀጥታ ብትለካው 20 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ቦዩ ግን ተራራውን ወገቡ ላይ እየታጠቀ እየዞረ 50 ኪሎሜትር ሄዷል። ለምን ብትል በምንጩና በከተማው መሃል ያለው የከፍታ ልዩነት 12.6 ሜትር ብቻ ነው! አንድ አራት ፎቅ ቤት በለው። ይቺን አራት ፎቅ ቆጥበህ ቆጥበህ ለ50 ኪሎሜትር ማብቃቃት አለብህ፣ በአማካይ በኪሎሜትር 25 ሳንቲሜትር ይደርስሃል፣ አንዲት ስንዝር ማለት ነው። ድልድዩ ላይ ራሱ ከዚህ ጫፍ እስከዛ ጫፍ የወረደው 2.5 ሳንቲሜትር ነው። እኔ ዛሬ በቶታል ስቴሽን፣ በዘመናዊው የቅየሳ መሳሪያ፣ በኪሎሜትር ስንዝር ስጠኝ ብትለኝ ሁለቴ ሶስቴ ሳልለካ እሺ አልልህም።

ደግሞ ሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ከድልድዩ በፊት ያለው ቁልቁለት ከድልድዩ በኋላ ካለው ይበልጣል፣ ለምን መሰለህ፣ ቶሎ ዝቅ ካደረግከው ድልድዩ በዛው ልክ ያጥራል። ከፍታውን እዚህ አውጥተው ድንጋዩን እዛ ቆጠቡ። ያችን ውሳኔ የወሰነ ሰው ስሙ ባይታወቅም እኔ አለቃዬ ቢሆን ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ውሃ ልኩ። ቪትሩቪየስ የሚባል የሮማ አርክቴክት መሳሪያውን ጽፎት አልፏል፣ ኮሮባቴስ ይባላል። 20 ጫማ ርዝመት ያለው፣ ማለት 6 ሜትር ገደማ፣ ረጅም የእንጨት አግዳሚ ወንበር በለው፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ እግር አለው፣ እግሩ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ተሰምሮበታል፣ ከላይ ቱንቢ ይወርዳል፣ ክሩ መስመሩ ላይ እኩል ካረፈ እንጨቱ ተስተካክሏል ማለት ነው። ንፋስ ሆኖ ክሩን ካወዛወዘውስ? እንጨቱ አናት ላይ 5 ጫማ የምትረዝም ቦይ ተፈልፍላለች፣ ውሃ ትሞላባታለህ፣ ውሃው ሁለቱንም ከንፈር እኩል ከነካ በቃ ልክ ነው። አባትህ በየቀኑ የሚይዙት ቱንቢና ውሃ ልክ ማለት ነው፣ አንድ እንጨት ላይ ተጋብተው። ከዛ በእንጨቱ አናት አሻግረህ ወደተተከለ ዘንግ ታያለህ፣ ትመዘግባለህ፣ ትነሳለህ፣ እንደገና ትተክላለህ። 50 ኪሎሜትር ሙሉ። ስህተቱ እንዳይደመር ደጋግሞ ከመለካት ውጪ ሌላ ዘዴ የለውም።

የቧንቧውን ጥያቄ ማታ እመለስበታለሁ፣ ሳይት ላይ ነኝ።

ትርሲት ከሮማ

እኔ ሮም ነው የምኖረው፣ ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ በእግር 20 ደቂቃ ብትሄድ ፖርታ ማጆሬ የሚባል ትልቅ በር አለ፣ አውቶቡስና ትራም ይርመሰመስበታል። ብዙ ዓመት ስራ ስመላለስ በስሩ አልፌያለሁ፣ የከተማ በር ብቻ ነበር የሚመስለኝ። አንድ ቀን ትራም ስጠብቅ ቀና ብዬ ጎኑን ሳይ ሁለት አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለ፣ አንዱ በአንዱ ላይ፣ ልክ ተደራርበው የተቆረጡ ሳጥኖች ይመስላሉ። ለካ ሁለት የውሃ መስመር ነው! የታችኛው አኳ ክላውዲያ፣ የላይኛው አኒዮ ኖቩስ፣ ሁለቱንም ንጉሠ ነገሥት ካሊጉላ በ38 አስጀምሮ ንጉሠ ነገሥት ክላውዲየስ በ52 የጨረሳቸው (በፈረንጆቹ ነው)። ሁለቱን ያላቀላቀሏቸው ለብቻ ለብቻ ምንጭ ስላላቸው ነው፣ የከፍታቸውም የጥራታቸውም ነገር ይለያያል፣ አኒዮ ኖቩስ ከወንዝ ስለሚመጣ ዝናብ ሲዘንብ ይደፈርስ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰው ሁሉ ፎቶ ላይ የሚያየው ቅስቱን ስለሆነ ሁሉም መስመር በአየር ላይ የሄደ ይመስለዋል። አይደለም። አብዛኛው መሬት ውስጥ ነው። የመጀመሪያው መስመር አኳ አፒያ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 ነው የተሰራው፣ ከ16 ኪሎሜትሩ ከሞላ ጎደል ሁሉም የተቀበረ ነው። አኳ ማርቺያ ደግሞ 91 ኪሎሜትር ነው፣ ከዛ ውስጥ 80ው ከመሬት በታች። መቅበሩ ውሃውን ከፀሐይም ከቆሻሻም ከጠላትም ይጠብቀዋል፣ ቅስት የሚያወጡት ቦዩ ከፍታውን ሳያጣ ከተማ መግባት ሲኖርበትና ሜዳው ዝቅ ሲልበት ነው። በየተወሰነ ርቀት ደግሞ እንደ ማንሆል የሚወረድበት ጉድጓድ አለው፣ ጠራጊዎቹ በዛ ገብተው ደለሉንና ግድግዳው ላይ የተጋገረውን ኖራ ይፍቃሉ።

አኳ ቪርጎ የሚባለውን መስመር አግሪፓ የሚባል የሮማ ባለሥልጣን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ19 ነው ያስገባው፣ ብዙ ጊዜ ታድሶ ዛሬም ትሬቪ ፏፏቴ ድረስ ውሃ ያመጣል። ቱሪስቱ ሳንቲም የሚወረውርበት ውሃ የዛ መስመር ልጅ ነው።

ኬሚስትሪ ወዳጅ

ሁሉም ጥሩ ነው ግን ቧንቧቸው እርሳስ ነበር አይደል? በእርሳስ ተመርዘው ነው የወደቁት ሲባል ሰምቻለሁ። ታዲያ ይሄን ያህል ማድነቁ ልክ ነው ወይ?

ትርሲት ከሮማ

ወንድሜ ጥያቄህ ተገቢ ነው ግን ሁለት ነገር ለይ። ረጅሙ ቦይ ድንጋይና ኖራ ነው፣ እርሳሱ ያለው በዋናነት ከተማ ውስጥ ማከፋፈያው ላይ ነው። ጎጂ መሆኑንም አልሳቱትም፣ ቀያሹ የጠቀሰው ቪትሩቪየስ ራሱ ከእርሳስ ይልቅ የሸክላ ቧንቧ ይሻላል፣ እርሳስ የሚያቀልጡትን ሰዎች ፊት ተመልከቱ እንዴት ገርጥቷል ብሎ ጽፏል። በፈረንጆቹ 2014 የወጣ አንድ ጥናት የሮምን የጥንት ወደብ ደለል መርምሮ የሮም የቧንቧ ውሃ ከአካባቢው ምንጭ እስከ 100 እጥፍ እርሳስ ነበረው ብሏል፣ ግን ከተማ የሚያጠፋ መጠን አይደለም ነው ያሉት ራሳቸው። ምክንያቱ ውሃው ቧንቧ ውስጥ አያድርም፣ ቀንና ሌሊት ይፈሳል፣ በዛ ላይ ውሃው ኖራማ ስለሆነ ቧንቧውን ከውስጥ ቅርፊት ያለብሰዋል። እዚህ ሮም ዛሬም የመንገድ ዳር የመጠጥ ቧንቧዎቹ ናዞኒ ይባላሉ፣ ያለማቋረጥ ይፈሳሉ፣ እኔ መጀመሪያ ስመጣ መዝጊያ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ፣ ውሃ እንዲህ ሲፈስ እያየሁ ማለፍ ሆዴን ነው የሚያመኝ የነበረ። ያኔም እንደዛ ነበር፣ የሚተርፈው ውሃ ወደ ፍሳሽ ቦዩ ገብቶ ከተማውን ያጥባል።

ሌብነቱንም ልንገራችሁ። በፈረንጆቹ 97 ፍሮንቲነስ የሚባል ሰው የሮም ውሃ ኃላፊ ሆኖ ተሾመና ያገኘውን ጉድ በሙሉ ጻፈው። ሰራተኞቹ በየመንገዱ ስር ቧንቧውን እየበሱ ለሱቁ ለቤቱ በስውር ይሸጣሉ። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ደንበኛ መስመሩ ላይ የሚገጠመው አፍ ከነሐስ እንዲሆን የተደረገው፣ ርዝመቱ ተወስኖ ማህተም ተመቶበት፣ እርሳስ ቢሆን ደበደብ አድርጎ ማስፋት ቀላል ነዋ።

ጋሽ ኖራ

ልጄ አባትህ የሙያ ወንድሜ ናቸው። እኔም በግንባታ አርጅቻለሁ፣ ስለ ልስኑ ሳልናገር አላልፍም። ኖራ ብቻውን ውሃ ውስጥ አይቆምም፣ ያንን ሁሉም ግንበኛ ያውቃል። እነዚህ ሰዎች የተሰባበረ ሸክላ ነው የጨመሩበት፣ የጣራ ክዳን፣ ገንቦ፣ ጡብ፣ ወቅጠው ከኖራው ጋር ያቦኩታል፣ ሲደርቅ ሮዝ መልክ ይይዛል ውሃም አያስገባም። ፑትዞሊ ከሚባል ቦታ የሚመጣ የእሳተ ገሞራ አመድም ነበራቸው፣ ከኖራ ጋር ሲገናኝ ውሃ ስር ሳይቀር ይጠነክራል። ልብ በሉልኝ የምለው ግን ጥጉን ነው። ወለሉና ግድግዳው የሚገናኝበት ቦታ ላይ በብዙዎቹ ቦዮች ክብ አድርገው የሞሉት ልስን አለ፣ እንደ ሩብ ክብ። እኛ የውሃ ታንከር ስንለስን የምናደርገው ይሄንኑ ነው፣ ዘጠና ዲግሪ የሆነ ጥግ ከተውክ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እሱ ነው፣ ቆሻሻም እዛ ነው የሚያዝ። ይሄን ሳይ በእውነት እንባዬ ነው የመጣው፣ ሁለት ሺህ ዓመት በፊት የሞተ ግንበኛ እጁ የኔን እጅ ይመስላል።

የግንበኛው ልጅ

ጋሼ ይሄን ሳነብለት አባቴ ተነስቶ ቆመ፣ እውነቴን ነው። "ጥጉን ክብ አድርገውታል?" ብሎ ደግሞ ደጋግሞ አስነበበኝ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ኮሮባቴሱን ደግሞ ወረቀት ላይ በእርሳስ ስሎ አሳየኝ፣ ነገ ከእንጨት ልስራው እያለ ነው።

አንድ ጥያቄ ጨመረ። ዋሻውንስ? ተራራ ሲበሱ ከሁለት ወገን ከቆፈሩ መሃል ላይ እንዴት ይገናኛሉ? ባይገናኙስ?

ቀያሹ

መጣሁ። መጀመሪያ የቧንቧውን ዕዳ ልክፈል።

ቧንቧ አውርዶ ማውጣት ይችሉ ነበር፣ አድርገውታልም። ውሃ የወረደውን ያህል ተመልሶ ይወጣል፣ መውጫው ከመግቢያው ትንሽ ዝቅ ካለ በቃ። እዛው ፈረንሳይ ሊዮን ከተማ የሚሄደው የዢየር መስመር አራት ቦታ ላይ እንደዛ አድርጓል፣ ቦናን የሚባለው ጋ ሸለቆው 123 ሜትር ይጠልቃል፣ 2.6 ኪሎሜትር ይረዝማል። ቦዩ ሸለቆው አፋፍ ላይ ታንከር ውስጥ ይገባል፣ ከታንከሩ ብዙ የእርሳስ ቧንቧ ጎን ለጎን ይወርዳል፣ ታች ዝቅ ያለ ድልድይ ላይ ያልፋል፣ ማዶ ወጥቶ ሌላ ታንከር ይሞላል፣ ከዛ እንደገና ቦይ። ግን 123 ሜትር ጥልቀት ማለት ታች ላይ 12 ባር ግፊት ነው። ለዛ ወፍራም እርሳስ ብዙ ቶን ያስፈልጋል፣ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ በእጅ የተበየደ፣ አንዱ ካፈተለከ ቆፍረህ ፈልገህ ነው። ድንጋይ ግን እዛው ከተራራው ይፈለጣል። ስለዚህ ሸለቆው ድልድይ ሊቋቋመው እስከቻለ ድረስ ድልድይ፣ ከዛ ከጠለቀ ቧንቧ። የፖን ዱ ጋር ድልድይ ቁመቱ ከሚችሉት ጫፍ አጠገብ ነው ያለው።

ግፊት ምን እንደሚያደርግ እኔ በአይኔ አይቻለሁ። አንድ ገጠር ላይ መስመር ዘርግተን የግፊት መስበሪያ ታንከሩ በጀት የለም ተብሎ ቀረ፣ ይቅር ያለው አካል ስሙ ይቅርብኝ፣ ውሃውን የለቀቅን ቀን ህዝቡ ጀሪካን ይዞ ቦኖው ጋ ተሰልፏል፣ እናቶች እልልታውን ጀምረዋል፣ ሸለቆው ታች ላይ ቧንቧው እንደ ጥይት ጮኸና ተሰነጠቀ። ውሃው ሽቅብ ሲወነጨፍ ከቦኖው ይታይ ነበር። ከዛ ቀን በኋላ ነው ፖምፔይ በምትባለው የጥንት የሮማውያን ከተማ ውስጥ ያሉትን የውሃ ማማዎች ስዕል ሳይ የገባኝ። ፖምፔይ ቁልቁለት ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ውሃው ከላይኛው በር ገብቶ ወደ ታች ሲሄድ ግፊቱ እየጨመረ ይሄዳል። ምን አደረጉ፣ በየመንገዱ ማዕዘን 6 ሜትር የሚሆን የግንብ ማማ አቁመው አናቱ ላይ ክፍት የእርሳስ ገንዳ አስቀመጡ። ውሃው ወደ ማማው ይወጣል፣ ገንዳው ውስጥ ግፊቱን ይጥላል፣ ከዛ እንደ አዲስ ወደ ቤቱና ወደ መንገድ ፏፏቴው ይወርዳል። የቀረብን ታንከር ያ ነበር።

አሁን ዋሻው። ለአባትህ የኖኒየስ ዳቱስን ታሪክ ንገራቸው። ሰውየው የሮም ጦር ሦስተኛው አውግስታ የሚባለው ሌጌዎን (የጦር ክፍል) ቀያሽ ነው፣ ሰፈሩ ላምቤዚስ፣ ዛሬ አልጄሪያ ውስጥ። ሳልዳይ ለምትባል ከተማ፣ አሁን ቤጃያ የምትባለው የባህር ዳር ከተማ፣ ውሃ የሚያስገባ መስመር ቀየሰ፣ መንገዱ ላይ ተራራ አለ፣ 428 ሜትር ዋሻ መበሳት አለበት። መስመሩን በተራራው ጀርባ ላይ ችካል እየተከለ ከምስራቅ እስከ ምዕራብ አወጣ፣ ፕላኑን ለአስተዳዳሪው አስረከበ፣ ወደ ጦሩ ተመለሰ። ሰራተኞቹ ከሁለቱም አፍ ቆፈሩ። ዓመታት አለፉ። ከዛ ኑልን የሚል ደብዳቤ መጣ።

ሲሄድ መንገድ ላይ ሽፍቶች ወረዱበት። ገፈው አቆሰሉት፣ ራቁቱን ነው ከጓደኞቹ ጋር ያመለጠው። እንደዛ ሆኖ ሳልዳይ ደረሰ። ሲደርስ ሰዉ ሁሉ እያለቀሰ ነው፣ ዋሻው ይተው እየተባለ ነው፣ ምክንያቱም ከሁለቱም ወገን የተቆፈረው ሲደመር ከተራራው ውፍረት በልጧል፣ ግን አልተገናኙም! ለካ ሁለቱም ወገን ወደየራሳቸው ቀኝ አዘንብለዋል። አስቡት፣ ጨለማ ውስጥ፣ በኩራዝ፣ አንዱ ሌላውን አልፎት ሄዷል። ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ ተራራው ሁለት ዋሻ ይኖረው ነበር። እሱ ምን አደረገ፣ መስመሩን እንደገና ለካ፣ ስራውን ለሁለት የወታደር ቡድን ከፈለ፣ በአንድ በኩል የባህር ኃይሉ በሌላ በኩል የተራራው ወታደር፣ እያፎካከረ አስቆፈራቸውና ተገናኙ። ውሃው አለፈ፣ አስተዳዳሪው መረቀው። ይሄ ሁሉ የሆነው በፈረንጆቹ ከ137 አካባቢ እስከ 152 አካባቢ ነው።

ይሄን እንዴት አወቅን ብትል ድንጋይ ላይ አስቀርጾታል። ድንጋዩ ላይ የሦስት ሴቶች ፊት አለ፣ ከፊቶቹ ስር ትዕግስት፣ ብርታት፣ ተስፋ ይላል። እኔ የሱን ድንጋይ ፎቶ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ቀያሽ ሁሉ ሰው የሚወቅሰው ነው፣ ቆፋሪው ሲስት ቀያሹ ነው የሚጠራው።

ሀዴራ

ዘግይቼ ነው ያየሁት፣ ግን እኔ እስራኤል ሀዴራ ነው የምኖረው፣ ቂሳርያ እዚሁ ጎረቤታችን ናት። ባህሩ ዳር አሸዋው ላይ የሮማውያን የውሃ ቅስት ለብዙ መቶ ሜትር ተዘርግቷል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ይዤ የምሄደው እዛ ነው፣ ጥላው ስር ቁጭ ብለን ዳቦ እንበላለን። ልጆቼ ምንድነው ይሄ ሲሉኝ የጥንት ግንብ ነው ብዬ ነበር የማልፋቸው። አሁን ይሄን ሁሉ አንብቤ አፈርኩ፣ ሄጄ ደግሜ አየሁት።

ከባህሩ በኩል ቆማችሁ ብታዩት አንድ ግንብ ነው የሚመስለው፣ ግን በደንብ ካያችሁት ሁለት ነው፣ ጎን ለጎን የተጣበቁ፣ መሃላቸው ላይ ስፌት አለ። የመጀመሪያው በሄሮድስ ጊዜ ነው ይባላል፣ ውሃው የሚመጣው ከቀርሜሎስ ተራራ ደቡብ ግርጌ ካሉ ምንጮች ነው። ከተማው ሲያድግ አልበቃ ሲል በንጉሠ ነገሥት ሐድርያን ጊዜ ሁለተኛ ቦይ ከጎኑ ለጠፉበት። የሰሩት ወታደሮች ናቸው፣ የሌጌዎናቸውን ስም እየቀረጹ ግንቡ ላይ ትተዋል። አንዳንዱን ቦታ ባህሩ በልቶታል፣ ቅስቱ ተቆርጦ ውሃው ውስጥ ይገባል።

ቀያሹን ልጠይቅህ፣ ሜዳ ላይ እኮ ነው፣ አሸዋ ነው፣ ለምን ቅስት አስፈለገው? ዝም ብሎ መሬት ላይ ቢሄድስ?

ቀያሹ

ምንጩ ከከተማው ብዙም ከፍ አይልም፣ ባህር ዳር ነው ያላችሁት። መሬት ላይ ቢያወርዱት ውሃው ከተማው ዳር ሲደርስ ከመሬት እኩል ይሆንና የትኛውም ፏፏቴ ወይ መታጠቢያ ቤት ላይ አይወጣም። ከፍታውን እስከ መጨረሻው ተሸክመው ነው መግባት ያለባቸው። ለዛ ነው ከተማ ሲቃረብ ቅስት የምታየው፣ ሮምም እንደዛው ነው። ሙሉ ግድግዳ ያላደረጉት ደግሞ ቅስት ድንጋይ ስለሚቆጥብ፣ የዝናብ ውሃም ሰውም በስሩ ስለሚያልፍ ነው።

የግንበኛው ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ሁሉንም አነበብኩለት። የሳልዳዩ ቀያሽ ጋ ስደርስ አባቴ አስቆመኝና እሱም ወጣት እያለ አንድ ረጅም አጥር ከሁለት ጫፍ ጀምረው መሃል ላይ ስንዝር ተላልፈው እንደተገናኙ ነገረኝ፣ ሌሊቱን አፍርሰው እንደገና እንደሰሩት፣ ይሄን ታሪክ እስከዛሬ ነግሮኝ አያውቅም።

ሀዴራ ወንድሜ፣ አባቴ አንድ ነገር ለምንልኝ ብሏል። ግንቡ አናት ላይ ቦዩ የሚታይበት የተሰበረ ቦታ ካለ፣ ውስጡን ጥጉን በጣትህ ዳስሰህ ንገረው ይላል። ክብ ነው ወይስ ሹል?

ሀዴራ

ለአባታችን እሺ በልልኝ። የሚመጣው ቅዳሜ ትልቁን ልጄን ይዤ እሄዳለሁ፣ ከሚፈቀደው ቦታ አልወጣም ግን ጫፉ የተሰበረበት አንድ ቦታ አውቃለሁ፣ ከታች ሆኖ ውስጡ ይታያል። ፎቶ አንስቼ እዚሁ እለጥፋለሁ። የልስኑን ቀለምም አያለሁ፣ ሮዝ ከሆነ ለጋሽ ኖራም እነግራቸዋለሁ።